ቲማቲም ስትረጭ መጀመሪያ ልቀም

ክረምት ሲከብድ መቂ ላይ ቲማቲም ያለ ፀረ-ፈንገስ አይወጣም። ማታ ደህና ያየኸው ቅጠል ጠዋት የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። እኔም ሩብ ሄክታር ማሳዬ ላይ ማንኮዜብ እረጫለሁ። መርጨቱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከረጩ በኋላ እጅን መሰብሰቡ ነው።

ዱቄቱን ስትገዛ ያልተከፈተና ጽሑፍ ያለበት እሽግ ይሁን፤ በፌስታል የተቋጠረ አትግዛ። በሰርዲን ቆርቆሮ መስፈርም ተው። እሽጉ በሄክታር 2.5 ኪሎ ካለ፣ 10 በ10 ሜትር ለሆነ ቦታ የሚደርሰው 25 ግራም ነው። ያን ቦታ በባዶ ውሃ ረጭተህ እይ። 5 ሊትር ከጨረሰ፣ 16 ሊትር ለሚይዝ መርጫ 80 ግራም ይበቃል ማለት ነው። በባልዲ በጥብጠህ አጥልለው፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ርጭ።

አሁን እኔን ወደጣለኝ ነገር እንምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐሙስ ረጨሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደላላው ሳይታሰብ አይሱዙ ይዞ ከተፍ አለ፤ የሳጥኑም ዋጋ የሚያጓጓ ነበር። ለቀምን፣ ጫንን፣ ብሩን ቆጠርኩ። ባለቤቴ ለቤት ካስቀረነው አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ አሸት ስታደርገው ቢጫማ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ። «ለልጆቹ ወጥ የምሠራው በዚህ ነው?» አለችኝ። የጫንነው በዚያ ሰዓት ሞጆን አልፏል።

ይታጠባል ብዬ መለስኩላት። ግማሽ እውነት ነው። ማንኮዜብ ልጣጩ ላይ ስለሚቀር እጥበት ብዙውን ያነሳዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የተረፈው ድስት ውስጥ ሲበስል ከፊሉ ኢቲዩ ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ኢቲዩ ደግሞ የእንቅርት ዕጢን ይጎዳል። የረጨኸው ሪዶሚል የሚባለው ፀረ-ፈንገስ ከሆነማ ከማንኮዜቡ ጋር ሜታላክሲል አለበት፤ እሱ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ውሃ አያወጣውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የማንኮዜብን ፈቃድ አላድስም ሲል ከምክንያቶቹ አንዱ የሰውን ሆርሞን ያውካል የሚል ነበር።

ስለዚህ ከመርጨትህ በፊት እሽጉ ላይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን ጠብቅ እንደሚል ፈልግ። 7 የሚል አለ፣ 14 የሚልም አለ። ጭንቁ ቲማቲም አንዴ ተለቅሞ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው፤ ዛሬ የረጨኸው ነገ ይቀላል። በለቀማና በለቀማ መካከል የምትረጭ ከሆነ መቼም ቀኑን አትሞላም።

የኔ ዘዴ ይኸው፦ ሰኞ እለቅማለሁ፣ የቀላውን ብቻ ሳይሆን መቅላት የጀመረውንም ጭምር፤ እሱ መንገድ ላይ ይበስላል። ያኑ ዕለት ወደ ማታ እረጫለሁ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ሰኞ ማንም ማሳው ውስጥ አይገባም። 14 ቀን የሚለውን ግን ፍሬው መቅላት ሳይጀምር ጨርሰው፤ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ቀኑ አጭር የሆነውን ተጠቀም። የረጨህበትን ቀን በጨርቅ ላይ ጽፈህ መግቢያው ላይ ካለው እንጨት ጋር እሰረው፤ በቃል የያዝከው ቀን አይሱዙ ሲመጣ ይጠፋል። ደላላው ይቆጣል፣ ሌላ ማሳ እሄዳለሁ ይላል። ይሂድ።

መርጫውን ሦስት ጊዜ እጠብ። እጣቢውን ቦይ ውስጥም ሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አትድፋ፣ በተለይ መዳብ ያለበት ፀረ-ፈንገስ ከሆነ። መዳብ እንደ ሌላው በስብሶ አያልቅም፤ አፈሩ ውስጥ ከዓመት ዓመት ይደራረባል፣ የመሬት ትሉንም ይጎዳል። እኔ ስረጭ አንድ መስመር ሳልረጭ አስቀርና እጣቢውን እዚያ ላይ እጨርሰዋለሁ።