ፒስተን የሌለው መጋዝ

ልጄ፣ የዋንክል ሞተር ያለው አሮጌ የሞተር መጋዝ ልትገዛ መሆኑን ሰማሁ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁልህም። ደስ ያለኝ፣ ሪያድ የሚኖር ወጣት ትርፍ ገንዘቡን ከስልክ ሌላ በሆነ ነገር ላይ ለማዋል ማሰቡ ነው። የፈራሁልህ ደግሞ ይህ ዕቃ ያለ መለዋወጫ የሚሸጥ ዕዳ ሊሆን ስለሚችል ነው። መፍቻ የለመደ እጅ ስላለህ አልከለክልህም፤ ግን ከመክፈልህ በፊት ይህን አንብብ።

1. የምትገዛውን እወቅ። መጋዝህን የሠራው ዶልማር የሃምቡርግ ድርጅት ነበር። ስሙን ያገኘው ቱሪንጊያ ውስጥ ካለ ተራራ ነው፤ መሥራቹ ኤሚል ሌርፕ እ.ኤ.አ. በ1927 የመጀመሪያውን የቤንዚን መጋዙን የሞከረው እዚያ ነበር። ያኔ መጋዙ 58 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ የሚይዙትም ሁለት ሰዎች ነበሩ። በ1957 የፌሊክስ ዋንክል ሞተር ኤንኤስዩ በተባለው የጀርመን ድርጅት ፋብሪካ ውስጥ ተነሥቶ ዞረ። ፊችተል ኡንድ ዛክስ የተባለው ድርጅት ፈቃዱን ገዝቶ ትናንሽ ዋንክሎች መሥራት ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ዶልማርንም ጠቀለለ። ዛክስ ዶልማር ካኤምኤስ 4 የሚባለው ባለ 58 ሲሲ መጋዝ የዚያ ጋብቻ ልጅ ነው። (ዋንክል እስኪሞት ድረስ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም ይባላል። ሞተር ለመውደድ መንዳት ግድ አይደለም ማለት ነው።)

ለምን ተሠራ? የዚያ ዘመን እንጨት ቆራጮች ከመጋዝ ንዝረት የተነሣ እጃቸው ይደነዝዝ፣ ጣታቸው ደም እያጣ ይነጣ ነበር። ዋንክል ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን ስለሌለው ንዝረቱ ያነሰ ነው። ነገር ግን በእጀታውና በሞተሩ መካከል የገባ ላስቲክ ያንኑ ሥራ በርካሽ ሠራ። ዋንክሉ ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ ማርሚታው ይግላል፣ ዋጋው ይከብዳል። ገበያው ተወው፤ ዛሬ የሚፈልገው እንዳንተ ያለ ሰው ብቻ ነው።

2. ቀለሙን ሳይሆን ትንፋሹን ግዛ። ብዙ ሻጭ መጋዙን አጥቦ፣ ቀብቶ ያሳይሃል። አንተ ካንዴላውን ፍታና ገመዱን በዝግታ ሳብ። ሮተሩ ሦስት ፊት አለው፤ እሱ አንዴ ሲዞር አልቤሮው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል «ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ» የሚል ሦስት ትንፋሽ ይመጣል፤ ጣትህን ጠጋ አድርገህ ጉልበቱን መዝን። ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከደከመ ችግሩ የጎን ፋሻ ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከደከሙ ደግሞ የጫፍ ፋሻ ጠርጥር፤ አንድ የጫፍ ፋሻ የሚለየው ሁለት ክፍል ስለሆነ ሲሰበር ሁለቱንም ያሰንፋል። ተራ የኮምፕሬሽን መለኪያ አትመን። መርፌው የሚቆመው በጠንካራው ላይ ስለሆነ ሁለቱን ደካሞች ይሸፍንልሃል።

በቪዲዮ የምትገዛ ከሆነም ሻጩ ካንዴላውን ፈትቶ በዝግታ እንዲስብ ጠይቀው። እምቢ ካለ መልስህን አገኘህ።

3. መለዋወጫውን ከመጋዙ በፊት ፈልግ። ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ የሚዞርበት ሰሌዳ ብዙ አያስቸግሩህም፤ የካርቡራተር ላስቲክም በአብዛኛው ይገኛል። የሮተር ፋሻና የሞተሩ የውስጥ ግድግዳ ግን ሱቅ አይሸጣቸውም። ዶልማር እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ማኪታ ሄዷል፤ የሃምሳ ዓመት ዋንክል ፋሻ ይዞ የሚጠብቅህ መደርደሪያ የለም። ስለዚህ አንድ የሚነሣ መጋዝና አንድ የሞተ ሞተር አብረህ መግዛት፣ ሁለት ቆንጆ መጋዝ ከመግዛት ይሻላል። አሮጌ ዕቃ ገበያው ሐራጅ ኢብን ቃሲም ሄደህ ዋንክል አትፈልግ። እዚያ የምታገኘው መለማመጃህን ነው፤ አንድ ያረጀ ባለ ሁለት ምት መጋዝ ገዝተህ ካርቡራተሩን አሥር ጊዜ ፍታ፣ አሥር ጊዜ ግጠም።

4. አቧራ። ስለ ሪያድ ከምመክርህ ሁሉ ይህ ይበልጣል። የዛክስ ትናንሽ ዋንክሎች ሮተራቸውን የሚያቀዘቅዙት ቤንዚንና አየሩን በሮተሩ ሆድ አሳልፈው ነው። ፊልትሮውን ያለፈ አቧራ የጫፍ ፋሻውን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ኩሽኔታውንም ያገኘዋል። እዚህ ከተማ አቧራ ሲነሣ ሰማዩ ይቀላል፤ እንዲህ ያለ ቀን መጋዝህን ከቦርሳው አታውጣ። ፊልትሮውን በነካህ ቁጥር ጠርዙን በነጭ ጨርቅ ጥረግ። ከውስጥ በኩል ቡናማ መስመር ካየህ እየዘጋ አይደለም፤ ሞተር ከማስነሣትህ በፊት እሱን አስተካክል።

የቴምር ዛፍ አትቁረጥበት። ሲያዩት እንጨት ይመስላል እንጂ ገመድ ነው፤ ክሩ ፍሪሲዮኑ ሥር ይጠመጠማል፣ በቅርንጫፉ ብብት የተቀመጠው አሸዋ ደግሞ ሰንሰለቱን ወዲያው ያደነዝዘዋል። የፓሌት እንጨትም ሚስማር አለው። ንጹሕ ሞራሌ ግዛ፤ ማሳየት ከሆነ ፍላጎትህ ይበቃል።

5. ጎማና ሙቀት። እዚህ ዝገት ብዙም አያስፈራህም፣ አየሩ ደረቅ ነው። ጎማ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የሪያድ ሙቀት ሳይገባ ቤንዚኑን ከታንኩ አውጣ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እስኪያልቅ አሠራው፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አስቀምጠው። ጣሪያ ላይ ያለ መጋዘን ምድጃ ነው። ማሠራት ያለብህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጠዋት ነው። በ45 ዲግሪ በአየር የሚቀዘቅዝ ዋንክል ማስጨነቅ ጭካኔ ነው።

ዘይቱን ሞተሩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅል፤ ጎረቤትህ ለአዲስ መጋዙ የሚጠቀመው ልክ ላንተ አይሠራም። ፋሻው የሚቀባው በዚያ ዘይት ብቻ ነው። ካንዴላውም ተራ አይደለም፤ በእያንዳንዱ የአልቤሮ ዙር ይተኩሳል፣ ባለበት ቦታም አዲስ አየር አይነካውም። ሙቀት የሚችል የተባለውን ቁጥር ፈልገህ ግዛ።

6. የት ታሠራዋለህ? ሰፈርህ መንፉሃ፣ ግቢ ውስጥ አይደለም። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብሃል፣ ጭሱም በዝግ ቦታ ይገድላል። ጓደኞችህ ለሠርግ እንደሚያደርጉት ከከተማ ውጭ ኢስቲራሃ (የመዝናኛ ግቢ) ተከራይና ባለቤቱን አስቀድመህ አስፈቅድ። ወደ ዱር ወጥተህ ግራር እንዳትነካ። ሳዑዲ የዱር ዛፍ መቁረጥና የአገር ውስጥ ማገዶ መሸጥ ከልክላለች፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 «አረንጓዴ ሪያድ» የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ባቀደ ከተማ ውስጥ መጋዝ ይዞ የሚታይ የውጭ ሰው ጥያቄ አያጣም። የግዢ ደረሰኝህን ከኢቃማህ (ከመኖሪያ ፈቃድህ) ጋር ያዝ።

የዚያ ዘመን መጋዞች ብዙዎቹ ሲዘል የሚይዘው የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። በሰሌዳው ጫፍ አትንካ፣ ከትከሻህ በላይ አታንሣ፣ ብቻህን አትሥራ።

7. ብዙ አትሰብስብ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ስታባርር የሆነውን ታውቃለህ፤ ከመንፉሃ የወጡ ወገኖቻችን አብዛኞቹ የያዙት የሚሸከሙትን ብቻ ነበር። ሰው አገር የሚኖር ሰው ስብስብ በአንድ ሣጥን ልክ ይሁን። የእያንዳንዱን ቡሎን ፎቶ አንሣና መለዋወጫውን በስሙ ጽፈህ አብረህ አሽገው።

8. ወደ አገር ቤት ስትወስደው ቤንዚን የነካ ሞተር ሻንጣ ውስጥ አታግባ፤ አየር መንገድ አይቀበልም። አድርቀህ፣ አሳውቀህ በካርጎ ላከው። አዲስ አበባ ስትደርስ እንደ ሪያዱ አይሠራልህም። ሪያድ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ፤ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የካርቡራተሩን ትልቁን ቡሎን በካቻቪቴ ጥቂት ጥቂት እያልክ ዝጋ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር አትለፍ። ጋዝ ስትሰጠው ሳይንተባተብ ሲቀበል አቁም፤ ከዚያ አልፈህ ከዘጋህ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ሚኒሞውን በመጨረሻ አስተካክል፤ እጅህን ከጋዙ ስታነሣ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።