በጠጠርና በገበጣ ቍጥርን ስለ ማስተማር
ለደልጊና ለጣና ዳር መንደሮች መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች

ለሕፃን ቍጥርን ማስተማር ማለት የቍጥርን ስም በቃል ማስጠናት ብቻ አይደለም። ሕፃን ከአንድ እስከ መቶ ያለ ስሕተት ሊቈጥር ይችላል፤ ዳሩ ግን «ሰባት ጠጠር አምጣ» ቢሉት እጁ የያዘለትን ያህል ዘግኖ ያመጣል። እንዲህ ያለው ልጅ የቍጥርን ዜማ አወቀ እንጂ ቍጥርን ገና አላወቀም። ዜማውን ማወቁ መልካም ጅማሬ ነው። ነገር ግን በዚያ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፣ ወደ ሁለተኛና ወደ ሦስተኛ ክፍል በተሻገረ ጊዜ መደመርና መቀነስ ምሥጢር ይሆንበታል፤ ምሥጢር የሆነበት ነገር ያሳፍረዋል፤ ያፈረም ልጅ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከብት መጠበቅን ይመርጣል። በገበያም ቀን እናቱ «ዕንቍላል ሽጠህ ና» ብላ ብትልከው፣ ሒሳቡን የሚያውቀው ገዢው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የጨዋታ ነገር ቢመስልም ትንሽ ነገር አይደለም።

፩ኛ፤ ቍጥርን ማወቅ ምን እንደ ሆነ

ጌልማንና ጋሊስቴል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ባወጡት መጽሐፍ፣ ሕፃን በትክክል ቈጠረ የሚባልበትን ነገር ለይተው አሳይተዋል። ከዚህ ውስጥ ለመምህር ዋና የሆኑት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት ነው፤ አንዱን ጠጠር ሁለት ጊዜ ቢቈጥረው ወይም ቢዘለው ገና አልደረሰም። ሁለተኛው፣ የቍጥሮቹን ስም ሁልጊዜ በአንድ ተራ መናገር ነው። ሦስተኛው፣ በመጨረሻ የተናገረው ስም የጠቅላላው ልክ መሆኑን ማወቅ ነው።

መምህሩ ይህን በቀላሉ ይመረምራል። ሕፃኑ ስድስት ጠጠር ከቈጠረ በኋላ «እንግዲህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀው። «ስድስት» ቢል አውቋል፤ እንደ ገና ከአንድ ጀምሮ ቢቈጥር ግን ሦስተኛው ነገር ይጐድለዋል። ከዚያም እነዚያኑ ጠጠሮች በሰፊው ይበትናቸውና «አሁንስ በዛ ወይስ ያው ነው?» ይበለው። ብዙ ሕፃናት «በዛ» ይላሉ፤ ይህም የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ ዓይናቸው ገና ከቍጥር ይልቅ ስፋትን ያያልና።

፪ኛ፤ ስለ ምን በጨዋታ፣ ስለ ምንስ በጥቂት ልጆች

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ መምህራን በአሜሪካ አገር ከችግረኛ ቤተ ሰብ የተወለዱ ትንንሽ ሕፃናትን ሰብስበው መረመሩ። ለአንዳንዶቹ ከ1 እስከ 10 በተራ የተጻፈበት ገበታ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ቍጥር የሌለበት፣ ቀለም ብቻ የተቀባ ገበታ ሰጡ። ሕፃናቱ የተጫወቱት አራት ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። ከዚህ በኋላ ቍጥር ባለበት ገበታ የተጫወቱት የትኛው ቍጥር እንደሚበልጥና እያንዳንዱ በተራው የት እንደሚውል አጥርተው አወቁ፤ በቀለሙ ገበታ የተጫወቱት ግን እንደ ነበሩ ቀሩ። በ2012ም ይኸው ጨዋታ በትንንሽ ቡድን፣ በረዳት መምህራን መሪነት በክፍል ውስጥ ቢደረግ እንደዚሁ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

የጥቂት ልጆች ጥቅም ግልጥ ነው። በስድሳ ልጆች መካከል መምህር ቢጠይቅ የሚመልሱት ፈጣኖቹ አራት ወይም አምስት ናቸው፤ የቀሩት ከእነርሱ ጋር አብረው ይጮኻሉ እንጂ አያስቡም። ስድሳው ልጆች ግን በአራት በአራት ተከፍለው ዐሥራ አምስት ቡድን ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ተራው ያልደረሰውም የባልንጀራውን ቈጠራ ይጠባበቃል፤ ስሕተት ያገኘ እንደ ሆነም ዝም አይልም።

«ለዐሥራ አምስት ቡድን አንድ መምህር እንዴት ይበቃል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በአገራችን የታወቀ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ፣ ሕፃናት ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚማሩበትን መንገድ በዘረዘረ ጊዜ፣ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከዜሮ ክፍል ጋር ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን በጨዋታ የሚያስተምሩበትን ዘዴም ጨምሯል። ስለዚህ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ትዕግሥት ያላቸውን ወንዶችና ሴቶች ልጆች መርጦ ለየቡድኑ አንድ አንድ መሪ መስጠት ይቻላል። መሪው መልስ ነጋሪ ሳይሆን ጠያቂ እንዲሆን መምህሩ አስቀድሞ ያሠልጥነው።

፫ኛ፤ ስለ ገበጣ ለሽማግሌዎች የቀረበ ቃል

ከአባቶች አንዳንዶቹ ገበጣን የእረኛና የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው ይነቅፉታል። ልጅ ሥራ ትቶ ቀኑን ሁሉ በገበጣ ቢያሳልፍ ነቀፋው እውነት ነው። ነገር ግን ገበጣ ራሱ የቍጥር ትምህርት መሆኑን እንመልከት። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ከሆኑት አንዱ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ስለዚህ ጨዋታ በጻፉት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አገሮች ከመቶ የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። እንግዲህ ይህ ከሌላ አገር የሚያመጡት መሣሪያ ሳይሆን በደጃችን መሬት ተቈፍሮ የሚገኝ ሀብት ነው፤ ደንቡንም ጠንቅቀው የሚያውቁት እናንተው ሽማግሌዎቹ ናችሁ።

፬ኛ፤ አራት ጨዋታዎች

የመጀመሪያው፣ «ስንት ሸሸግሁ?» ነው። አምስት ጠጠር በመካከል ይቀመጣል፤ ሁሉም «አምስት» ይላሉ። አንዱ ልጅ ሌሎቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ጥቂቱን በእጁ ይሸሽጋል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሦስት ቢያዩ «ሁለት ሸሸግህ» ይላሉ፤ ከዚያም እጁን ከፍቶ ያረጋግጣሉ። አምስትን ሲለምዱ ወደ ስድስትና ወደ ሰባት፣ በመጨረሻም ወደ ዐሥር ይሻገሩ። ሦስትና ሁለት፣ አራትና አንድ አምስት መሆናቸውን እንዲህ ያወቀ ልጅ፣ መደመርንና መቀነስን የተማረው ስማቸውን ሳይሰማ ነው።

ሁለተኛው፣ «የመርከብ ጉዞ» ነው። በመሬት ላይ ዐሥር ቤት በአንድ መስመር ይሠመርና ከ1 እስከ 10 ይጻፍበት። ቀድሞ መርከብ ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ እየቆመች ወደ ጎርጎራ ትሄድ ስለ ነበር፣ መነሻው ባሕር ዳር፣ 2 ዘጌ፣ 5 ቁንዝላ፣ 8 ደልጊ፣ 10 ጎርጎራ ይባል፤ ይህ ለጨዋታ የተሰጠ ስም ነው እንጂ የመንገዱ ልክ አይደለም። አንድ ወገኑ በከሰል የጠቈረ የሸክላ ስባሪ ይጣል፤ ጥቍሩ ቢወጣ ሁለት ቤት፣ ቀዩ ቢወጣ አንድ ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠብቅ። በ4 ላይ ያለ ልጅ ሁለት ቢወጣለት «አምስት፤ ስድስት» እያለ ይሂድ እንጂ «አንድ፤ ሁለት» አይበል። ላስኪና ሲግለር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሕፃናት ከቆሙበት ቍጥር ቀጥለው ሲቈጥሩ ከጨዋታው ብዙ ትምህርት እንደሚያገኙ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ሲጀምሩ ግን ጥቅሙ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ሦስተኛው፣ ትንሹ ገበጣ ነው። ታላላቆች የሚጫወቱበት ብዙ ጕድጓድ ለሕፃን ይከብደዋልና፣ በአንዱ ወገን ሦስት በሌላው ወገን ሦስት ጕድጓድ ይበቃል። በየጕድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ይጨመር፤ ጠቅላላው 18 ይሆናል። ሁለት ሁለት ልጆች በአንድ ወገን ሆነው ይማከሩ። ጠጠሩን ከማንሣታቸው በፊት ግን «የመጨረሻው ጠጠር የት ይወድቃል?» ተብለው ይጠየቁ። እጁን ሳይዘረጋ በዓይኑ ቈጥሮ የሚመልስ ልጅ ቍጥርን በልቡ ይዟል ማለት ነው። አንድ ልጅ ስድስት ጠጠር በአንድ ጕድጓድ ቢያገኝና ቢዘራ፣ የመጨረሻው ወደ ተነሣበት ጕድጓድ ይመለሳል፤ ይህን ማንም አይንገረው፣ ራሱ ያግኘው። በጨዋታውም ፍጻሜ የሁለቱ ወገን ጠጠር አንድ ላይ ይቈጠር፤ 18 ካልሞላ የጠፋው ይፈለግ።

አራተኛው፣ «ነዶ ማሰር» ነው። ልጆቹ ከሐይቁ ዳር ቀጭን የሣር አገዳ ያምጡ፤ ዐሥር ዐሥሩን አስረው ነዶ ያድርጉ፤ የተረፈው በነጠላ ይቀመጥ። ሁለት ነዶና ሦስት አገዳ ሃያ ሦስት ነው፤ ሦስት ነዶና ሁለት አገዳ ሠላሳ ሁለት ነው። ብዙ ልጅ 23ንና 32ን የሚያሳስተው ምልክቶቹ አንድ ስለ ሆኑና ስፍራቸው ብቻ ስለሚለያይ ነው። በዚህ ላይ የግእዝ ቍጥር ታላቅ ረዳት ነው። ፳፫ እና ፴፪ ምልክታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ፳ ብቻውን ሃያ ነው፣ ስፍራ አይጠብቅም፣ ባዶም አያስፈልገውም። ስለዚህ በነዶው አጠገብ መጀመሪያ ፳፫፣ ቀጥሎ 23 ቢጻፍ፣ ልጁ በሁለተኛው አጻጻፍ 2 የቆመችው ስለ ሁለት ነዶ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ቋንቋችንም ራሱ ያግዛል፤ ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ስድሳ ከስድስት፣ ሰባ ከሰባት ጋር ዘመድ መሆኑን ልጆቹ ይስሙ።

፭ኛ፤ መምህር የሚጠብቀው ነገር

ጠጠሩ ለአፍ የማይገባ፣ መጠኑ ደኅና የሆነ ይሁን፤ ትንንሾቹ ያገኙትን ሁሉ ይቀምሳሉና። ቈሎ ሽምብራ ለቍጥር አይመረጥም፤ ጨዋታው ሳያልቅ ያልቃል። የተሳሳተውን ልጅ መምታትም ሆነ ማሣቅ አይገባም፤ «እስቲ ደግመን እንቍጠር» ማለት ይበቃል። ብርቱው ልጅ የደካማውን ተራ እንዳይወስድ መሪው ይጠብቅ። ሴቶች ልጆች ውኃ ቀድተው ዘግይተው ቢመጡ፣ ቡድኑ ሞልቷል ተብለው ዳር አይቁሙ፤ ስፍራቸው ተጠብቆ ይቈይ። ጨዋታው በየቀኑ ከሩብ ሰዓት አይበልጥ፤ ልጆቹ ገና ሳይጠግቡ ቢቋረጥ ነገ በደስታ ይመለሳሉ። በየሦስት ሳምንቱም መምህሩ እያንዳንዱን ሕፃን ለብቻው «ሰባት ጠጠር ስጠኝ» ብሎ ይመርምር፤ ያወቀውንና ያላወቀውን በመዝገብ ይጻፍ፤ ያላወቀውንም በሚቀጥለው ቡድን ከታጋሽ መሪ ጋር ያስቀምጠው።

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፤ የእናንተም ድርሻ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ብላችሁ የገበጣን ደንብ ብታሳዩ፣ የግእዝን ቍጥር የምታውቁም በነዶው አጠገብ ብትጽፉ፣ ልጆች ትምህርት ቤትና ቤታቸው አንድ ነገር እንደሚናገሩ ያያሉ። በቤትም ልጁን «እስከ መቶ ቍጠርልኝ» ከማለት ይልቅ «ለእንግዶቹ ስንት ሲኒ ይበቃል?» ብላችሁ ላኩት።

መምህራን ሆይ፤ ለዚህ ሥራ የሚጠበቅ ገንዘብም ሆነ ዕቃ የለም። ጠጠሩ ከሐይቁ ዳር አለ፤ መሬቱም ከክፍሉ ደጅ ነው። ነገ ጠዋት በአንድ ቡድን፣ በአራት ልጆችና በአምስት ጠጠር ይጀመር፤ ያ ቡድን ደንቡን ሲለምድ ሁለተኛው ይጨመር።