ጂንሰንግ፦ ገዝተው ከመጠቀምዎ በፊት ይህን ያንብቡ



«ዶክተር፣ ጂንሰንግ ለጉልበት ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። የስኳር ታካሚ ነኝ፤ ልጠቀመው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶናል። ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት እስቲ አብረን እንየው።

🌿 ጂንሰንግ ምንድን ነው?

በሰሜን ምሥራቅ ቻይናና በኮሪያ የሚበቅል ተክል ሥር ነው። በቻይንኛ «ሬንሸን» ይባላል፤ «ሬን» ማለት ሰው ነው። ሥሩ እጅና እግር ያወጣ ሰው ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት መሬት ውስጥ ከቆየ በኋላ ይነቀላል። እንዲሁ የደረቀው «ነጭ»፣ በእንፋሎት በስሎ የደረቀው ደግሞ «ቀይ» ጂንሰንግ ይባላል። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ በሕመም የተዳከመን ሰው ለማበርታት፣ ብዙ ጊዜም ከሌሎች ዕፅዋት ጋር ቀቅለው ይሰጡታል።

🔬 ጥናቶች ምን ይላሉ?

በሥሩ ውስጥ ጂንሰኖሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ግን ላብራቶሪ ውስጥ የታየ ነገር ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

▪️ ለድካም፦ ትንሽ ጥቅም ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አስተማማኝ ማስረጃ ግን ገና ነው።
▪️ ለማስታወስ ችሎታ፦ በ2010 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ለጤነኛ ሰው የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም።
▪️ ለስንፈተ ወሲብ፦ የ2021 የኮክሬን ግምገማ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ያሳያል።

⚠️ ማን ይጠንቀቅ?

1. የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ፦ ስኳርዎ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ወስደው ስኳርዎን ይለኩ።
2. ዋርፋሪን የሚወስዱ፦ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክመው ይችላል። በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው ሰው የደም መርጋት አደጋ አለው።
3. ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያላቸው፦ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ያቁሙ፤ ለሐኪምዎም ይንገሩ።
4. ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም ሕፃናት፦ ባይወስዱት ይመረጣል።
5. እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው፦ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥተው ጂንሰንግ ከጨመሩበት ሌሊቱ ይረዝማል!

❗ ሌላ አደጋ፦ «ለወንዶች ኃይል» ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ የዕፅዋት እንክብሎች ውስጥ ሳይጻፍበት የተጨመረ ሲልዴናፊል ተገኝቷል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ቢውጥ የደም ግፊቱ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ዋስትና አይደለም።

💬 ወደ ጠያቂያችን ስንመለስ፦ በራስዎ አይጀምሩት። የስኳር መድኃኒትዎንም በጂንሰንግ አይተኩ። ከጀመሩት ደግሞ ሳይደብቁ ማሸጊያውን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ማንም አይቆጣዎትም። ከሁሉም በላይ ግን፣ የማይለቅ ድካም ራሱ ምልክት ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ያልተስተካከለ ስኳር ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ማበርቻ መፈለግ በሽታውን ጊዜ መስጠት ነው።

መድኃኒት እየወሰዱ ዕፅዋት ለሚጨምሩ ወዳጆችዎ ሼር ያድርጉላቸው። ጥያቄ ካለዎት ኮሜንት ላይ ይጻፉልን።

መልካም ጤና! 🙏