አሠራር ገላጭ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች! ባለፈው ትምህርት አንድን ቦታ የሚገልጽ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተምራችኋል። አሁን ደግሞ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት እናጠናለን። ይህም አሠራር ገላጭ ድርሰት ይባላል።

ስለ ቡና አፈላል የሚጽፍ ሰው «ቡናው ይወቀጣል፤ ከዚያም ይቆላል» ቢል፣ ቡና አፍልቶ የማያውቅ አንባቢ ይሳሳታል። አንባቢው የሚሠራው በተጻፈለት መሠረት ስለሆነ፣ አንዲት እርምጃ ብትዘለል ወይም ከቦታዋ ብትፋለስ ጉዳቱ የሚደርሰው በጸሐፊው ላይ ሳይሆን በአንባቢው ላይ ነው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ጃቫ ሳን ማይክሮሲስተምስ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። በአንድሮይድ ስልክ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በዚህ ቋንቋ ሊጻፉ ይችላሉ። በሐዋሳ ከተማ፣ በታቦር ተራራ ግርጌ የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለመጻፍ አሰበች እንበል።

በመጀመሪያ የላፕቶፑን አቅም ትመረምራለች። አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ስልክን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚያሳየውን ኢሙሌተር ጨምሮ ለማሠራት ግን ቢያንስ 16 ጊጋባይት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ይህን አቅም ከሌለው፣ በኢሙሌተሩ ፈንታ የራሷን ስልክ ትጠቀማለች።

ቀጥሎ ፒያሳ ዋይፋይ ወዳለበት ካፌ ሄዳ አንድሮይድ ስቱዲዮን አውርዳ ትጭናለች። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የጃቫ መሣሪያዎች ከስቱዲዮው ጋር አብረው ስለሚመጡ፣ ጃቫን ለብቻው መጫን አያስፈልጋትም። ስቱዲዮው መጀመሪያ ሲከፈት ኤስዲኬ የተባሉትን የአንድሮይድ መሣሪያዎች ከኢንተርኔት ያወርዳል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አላለቀም። ተማሪዋ ከካፌው ከመነሣቷ በፊት አዲስ ፕሮጀክት ከፍታ፣ «ኤምፕቲ ቪውስ አክቲቪቲ» የሚለውን መርጣ፣ ቋንቋውን ጃቫ አድርጋ፣ ፕሮጀክቱ ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ምክንያቱም ግሬድል የተባለው ገጣጣሚ ለፕሮጀክቱ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች የሚያወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ሳታደርግ ኢንተርኔት ወደሌለበት ቤቷ ብትመለስ ፕሮጀክቱ አይሠራላትም፤ ለታክሲና ለካፌው ሌላ ወጪ ታወጣለች።

በመጨረሻ በስልኳ ማስተካከያ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ነክታ የፕሮግራም ሠሪዎችን ማውጫ ትከፍታለች። በማውጫው ውስጥ «ዩኤስቢ ደበጊንግ» የሚለውን አብርታ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ታገናኛለች። ስልኩ ፈቃድ ሲጠይቃት ፈቅዳ፣ በስቱዲዮው ላይ «ረን» የሚለውን ስትጫን ፕሮግራሙ በስልኳ ላይ ይታያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ የመጀመሪያ ሰላምታዋን በአማርኛ ልትጽፈው ትችላለች።

ሐ. ማብራሪያ

1. ቅደም ተከተል አመልካቾች። «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚህ በኋላ፣ በመጨረሻ» የሚሉት አንባቢውን ከአንዱ እርምጃ ወደ ሌላው ያሸጋግሩታል።

2. ቦዝ አንቀጽ። «ሄዳ … አውርዳ ትጭናለች» በሚለው ውስጥ «ሄዳ» እና «አውርዳ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር አይዘጉም፤ «ትጭናለች» በሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ይታሰራሉ። የአቀማመጣቸው ቅደም ተከተል የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳያል። «ጭና፣ አውርዳ ትሄዳለች» ቢባል ሰዋስው አይፈርስም፤ ሥራው ግን ይፈርሳል።

3. ምክንያት። በቀላሉ ሊዘለል የሚችል እርምጃ ምክንያቱ ሊገለጽለት ይገባል። አንባቢ ለምን እንደሚጠብቅ ካወቀ ይጠብቃል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ አምስት ቦዝ አንቀጾች አውጡና የእያንዳንዱን ማሰሪያ አንቀጽ ጻፉ።

2. ጸሐፊው «ወደ ቤቷ ተመልሳ አዲስ ፕሮጀክት ትከፍታለች» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ምን ችግር ይደርስበታል? በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

3. ከእንሰት ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ወይም በደንብ የምታውቁት ሌላ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚገልጽ የአራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ «እንዴት?» ብሎ ባቋረጣችሁ ቦታ ሁሉ የዘለላችሁት እርምጃ መኖር አለመኖሩን መርምራችሁ ድርሰቱን አስተካክሉ።