ስለ ዛርና ስለ ጨሌ ውርስ



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በላፍቶና በመካኒሳ አካባቢ ለትምህርትና ለጸበል ከሚመጡት እናቶችና እኅቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ይኸውም፤ «አባታችን፥ እናቴ ስታርፍ ጨሌዋን ለእኔ ተወችልኝ፤ ብጥለው ልጆቼን ይጎዳብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ባስቀምጠው ደግሞ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ይህ የብዙ ቤት ጭንቀት ስለ ሆነ፥ መልሱን በጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

ዛር በሕዝቡ አነጋገር በሰው ላይ ሰፍሮ ግብር የሚጠይቅ ስውር መንፈስ ነው። የያዘውም ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ መንፈሱ በተነሣበት ጊዜ ያጓራል፥ ይፎክራል። ግብሩም መልኩ የተመረጠ ዶሮ፥ ሽቶ፥ ዕጣን፥ ቡናና ጨሌ ነው። ልማዱ በአገራችን ብቻ ሳይወሰን በሱዳንና በግብፅም ይገኛል።

ስለ ዛር አመጣጥ የሚነገረው ተረት እንዲህ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊጎበኛቸው በመጣ ጊዜ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች፤ እነርሱም በዚያው ተሰውረው ቀሩና ዛር ሆኑ ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል። በመጻሕፍት ይህ ነገር አልተጻፈም። ደግሞም ሁሉን የሚያይ አምላክ በእናት ቀሚስ ሥር የተደበቀ ሕፃን ይሰወረዋልን? የተረቱ ጉዳት ግን ከዚህ ያልፋል፤ ዛርን ወንድማችን አድርጎ ስለሚያቀርበው፥ ሰው ለእርሱ ድርሻ ያለበት ባለ ዕዳ ይመስለዋል። ጨሌም ከእናት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፈው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይህን ፍርሃት በኃይል ለመንቀል የሞከሩ ነበሩ። ከ1434 እስከ 1468 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ ለተባሉት መናፍስት ይሰግዳሉ የተባሉትን በብርቱ ቀጡ፤ ከተቀጡትም የገዛ ልጆቻቸው ነበሩበት። ነገር ግን በመናፍስት ማመን ከአገሩ አልጠፋም። ቅጣት ሥራውን ይሰውረዋል እንጂ ፍርሃቱን ከልብ አያወጣውምና።

ፍርሃትን የሚያወጣው እምነት ነው። በሐዋይ ደሴቶች ሕዝቡ ፔሌ የምትባለውን የእሳተ ገሞራ አምላክ ይፈራ ነበር። ካፒኦላኒ የተባለች መኰንን ሴት ግን በክርስቶስ አምና፥ በ1824 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ኪላዌያ የእሳት ጕድጓድ ወረደች፤ ለፔሌ ምንም ሳትገብር ጸልያ በደኅና ተመለሰች።

ለእኛስ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለን። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና እናቷ ፊቷን ወደ ምዕራብ መልሳ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅም ተመልሳ በሥላሴ ታምናለች። እንግዲህ እኅታችን ሆይ፥ የጥምቀት ርስትሽ ከጨሌው ርስት ይቀድማል። ቀድሞ የተካደ ጌታ ኋላ ተነሥቶ ግብር ሊጠይቅ አይችልም።

ስለዚህ ጨሌውን ለሌላ አትስጪ፥ አትሽጪም፤ ለንስሓ አባትሽ አስረክቢ። እናትሽንም አትንቀፊ፤ ስለ ነፍሷ ጸሎት አስደርጊ። ልጅሽ ቢታመም የዛሩ ቍጣ ነው ብለሽ አትዘግዪ፤ ወደ ሐኪም ውሰጂው፥ ጸበልም አጠጪው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታውሺ። ቡናም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ለመንፈስ ሲገበር ነው እንጂ።

በመጨረሻም ለእኛ ለካህናት የሚገባ ቃል አለ። ብዙዎች ወደ ባለ ዛር ቤት የሚሄዱት ኀዘናቸውን የሚሰማ ስላጡ ነው። በዚያ ስማቸው ይጠራል፥ መከራቸው ይጠየቃል። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የንስሓ ልጆቻችንን ቤት የምንረግጥ ከሆነ፥ የተውነውን ደጅ ሌላው ቢገባበት ማንን እንወቅሳለን? እንግዲህ ምእመናን ከፍርሃት፥ ካህናትም ከቸልታ እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።