ኢንተር ከመጫንሽ በፊት

ልጄ፣ የምትሠሪበት የጥልፍ ማሽን ዲዛይን የሚቀበለው በፍሎፒ ብቻ መሆኑንና ሱቁ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ዲስኬት መገኘቱን ነግረሽኛል። በኮማንድ ፎርማት አድርገሽ ልትጠቀሚባቸው ማሰብሽ ጥሩ ነው። ሶኒ በጃፓን የፍሎፒ ሽያጩን ያቆመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምትክ እንደ ልብ አይገኝም። አንዱም በችኮላ እንዳይበላሽብሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከመደምሰስሽ በፊት አንብቢ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ባዶ ነው ብለሽ አትጀምሪ። ዲስኬቱን ገልብጪና ጥጉ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ፕላስቲክ ፈልጊ። በጥፍርሽ ገፋ አድርገሽ ቀዳዳውን ክፈቺው፤ ብርሃን ካሳለፈ ዲስኬቱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ድራይቭ ውስጥ የምታስገቢው ከዚህ በኋላ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቺ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ቢታይሽ «ተበላሽቷል» ብለሽ አትፍረጂ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0ኛው ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደሉን የሚያስቀምጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮድ፣ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር። የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ያ ዝብርቅርቅ የአንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ ወይም ሳይታተም የቀረ ልብ ወለድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ትርጉም የሌለው ፋይል ተብሎ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ፤ አጥብቄ የምነግርሽም ለዚህ ነው።

ጊዜ ወስደሽ መለየት ካልቻልሽ የዲስኬቱን ሙሉ ቅጂ አስቀምጪ። ሊነክስ ላይ ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ዲስኬቱን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ፋይል ይገለብጠዋል። ዲስኬቱ እያስቸገረ ከሆነ ዲዲሬስኪው ይሻላል፤ ያልተነበበውን ቦታ እየተመለሰ ይሞክራል። ቦታ ይፈጃል ብለሽ አትስጊ፤ 2 ጊጋባይት ያለው ፍላሽ ከሺህ በላይ ዲስኬት ይይዛል።

2. የብረት መከለያውን በቀስታ ገለጥ አድርገሽ ውስጡን እዪ። ቡናማው ክብ ወለል ንጹሕና ወጥ መሆን አለበት። ነጭ ሻጋታ ወይም ክብ ጭረት ካየሽበት ድራይቭ ውስጥ አታስገቢው፤ የንባብ ሄዱን አቆሽሾ ቀጥሎ የሚገባውን ደህናውን ዲስኬት ያስጭርብሻል።

3. ዓይነቱን ለዪ። በሁለቱም ጥግ ቀዳዳ ያለው ባለ 1.44 ሜጋባይት ነው፤ በአንዱ ጥግ ብቻ ያለው ባለ 720 ኪሎባይት ነው። ልዩነቱ ከሴክተሩ ይመጣል። ሁለቱም በእያንዳንዱ ገጽ 80 ትራክ አላቸው፤ አንዱ ትራክ በ1.44ው ላይ 18 ሴክተር፣ በ720ው ላይ 9 ሴክተር ይይዛል። ሴክተሩ 512 ባይት ነውና 80 በ2፣ በ18፣ በ512 ስታበዢው 1,474,560 ባይት ይወጣል። ፎርማት ካደረግሽ በኋላ የሚቀርሽ 1,457,664 ነው፤ የጎደለው ለማስነሻ ሴክተር፣ ለፋይል ሰንጠረዦችና ለስም ዝርዝሩ የተያዘ ስለሆነ አያስደንግጥሽ።

ከጥልፍ ማሽኖች መካከል 720ውን ብቻ የሚያነቡ አሉ። የባለ 1.44ውን ተጨማሪ ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ 720 ማድረግ ይቻላል የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ለአንድ ቀን ይሠራ ይሆናል፤ የሁለቱ መግነጢሳዊ ቅብ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ የደንበኛ ዲዛይን አታስቀምጪበት።

4. የድራይቩን ፊደል ሁለት ጊዜ አረጋግጪ። ዶስና ዊንዶውስ ላይ ፍሎፒው አብዛኛውን ጊዜ ኤ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ግን ሊነክስ ላይ ከሃርድ ዲስኮቹ ጋር በአንድ ዓይነት ስም ይሰለፋል። መጠኑ 1.4 ሜጋባይት የሚለውን መስመር በዓይንሽ ሳታዪ እጅሽን ወደ ኢንተር አትስደጂ።

5. ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ አውቀሽ ጻፊ። መጻፊያ ቀዳዳውን መልሰሽ ከዘጋሽ በኋላ ፎርማት ትዪና ክፍት ቦታ ትተሽ ኤ እና ኮለን ትጨምሪያለሽ። ስላሽ ኪው ብትጨምሪበት በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፤ የሚያጸዳው ግን ሰንጠረዡንና የስም ዝርዝሩን ብቻ ነው፣ የመጽሐፍ ማውጫ ቀድዶ ገጾቹን እንደመተው። የተበላሸ ሴክተርም አይፈልግም። ለአሮጌ ዲስኬት ይህን አልመክርሽም።

በ1991 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዶስ 5.0 ጀምሮ ደግሞ ተራው ፎርማት እንኳ ቀድሞ ፎርማት በሆነ ዲስኬት ላይ የነበረውን ዳታ አይደመስስም፤ አንፎርማት በሚባለው ትእዛዝ እንዲመለስ መረጃ ያስቀራል። ስህተት ሲያሳይ የቆየ ዲስኬት ከሆነ ስላሽ ዩ ጨምሪ፤ ትራኮቹን እንደ አዲስ ይጽፋቸዋል፣ የነበረው ግን አይመለስም። ለ720ው ስላሽ ኤፍ፣ ኮለን፣ 720 ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ሊነክስ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ኤፍዲፎርማት ትራኮቹን ያሰምራል፤ ቀጥሎ ኤምኬኤፍኤስ ነጥብ ቪፋት የፋይል ሥርዓቱን ይተክላል። የመጀመሪያውን ብቻ አድርገሽ ብትተዪው ማሽኑ ዲስኬቱን አያውቀውም። ኤፍዲፎርማት በዩኤስቢ ድራይቭ ላይ አይሠራም፤ ለእሱ ዩኤፍአይፎርማት የሚባል አለ።

6. እየሠራ ሳለ አጠገቡ ሁኚና አዳምጪ። ሄዱ ከትራክ ወደ ትራክ ሲሻገር የሚያሰማው ድምፅ እኩል እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ቆሞ ደጋግሞ ከጮኸ እዚያ ችግር አለ። ሲጨርስ የተበላሸ ቦታ በባይት ይነግርሻል። ዶስ ያንን ቦታ ምልክት አድርጎ በቀሪው እንድትጠቀሚ ይፈቅድልሻል፤ እኔ ግን ዲስኬቱን ከሥራ አውጪው እላለሁ፣ ጉዳቱ ባለበት አይቆምምና። ትራክ ዜሮ ተበላሽቷል ካለሽ ደግሞ ማስነሻ ሴክተሩና ሰንጠረዡ የሚቀመጡበት ቦታ ስለሆነ በዚያ ዲስኬት አትድከሚ።

7. ማሽኑ የራሱ ፎርማት እንዳለው ጠይቂ። ከዶስ የተለየ አቀማመጥ የሚፈልጉ የጥልፍ ማሽኖች አሉ፤ የእናንተው ከእነሱ አንዱ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ የደከምሽበት ሁሉ አይጠቅምም፣ ፎርማቱን በማሽኑ ሜኑ ታደርጊዋለሽ። የዶስን የሚቀበል ከሆነ አንድ ዲዛይን ገልብጪና ማሽኑ ላይ ክፈቺው። ኮምፒውተሩ የሚያነበውን ማሽኑ እምቢ ካለ የሁለቱ ድራይቭ ሄድ አሰላለፍ ተለያይቶ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ድራይቭ ፎርማት አድርገሽ ሞክሪ። ከተከፈተ ለዲስኬቱ ከ11 ፊደል ያልበለጠ ስም ስጪው፤ ያንኑ ስም ከነቀኑ በወረቀት ጽፈሽ ለጥፊበት። አሮጌውን ወረቀት ልጠሽ አንሺው እንጂ በላዩ ላይ አትደርቢ፤ የተደራረበ ወረቀት ድራይቭ ውስጥ ይላቀቅና ዲስኬቱን አላስወጣ ይላል።