ስስ አየር፣ የደከመ ሞተር፦ የአየር ማቀዝቀዣን ማራገቢያ ከማፍጠን በፊት ምን እንለካ?

በትልልቅ አዳራሾችና በገበያ ማዕከላት ጣሪያ ላይ ትልቅ የብረት ሣጥን ተቀምጦ ሲያጉረመርም አይተን ይሆናል። ይህ ሣጥን ኮምፕረሰሩን፣ ሁለቱን የሙቀት መለዋወጫዎችና ማራገቢያዎቹን በአንድነት የያዘ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ማሞቂያ ይኖረዋል። «አልቀዘቀዘም» የሚል ቅሬታ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው ጋዝ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ጋዙ ሳይጎድል የጎደለው አየሩ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የማራገቢያውን የአየር ፍሰት ማስተካከል ከኤሌክትሪክ ልኬት ተነጥሎ ሊታይ የማይገባው ለምን እንደሆነ በቀላል ስሌት እንመረምራለን።

ምን ያህል አየር ያስፈልጋል?

የእነዚህ መሣሪያዎች አቅም ዛሬም «ቶን» በሚባል መለኪያ ይነገራል። አንድ ቶን ማለት 907 ኪሎ ግራም በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ እንዲያልቅ የሚያስፈልገው የሙቀት ፍሰት ሲሆን፣ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይጠጋል። በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ቶን በሰከንድ 190 ሊትር ገደማ አየር በቀዝቃዛው የሙቀት መለዋወጫ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል። ስለዚህ ባለ 10 ቶን መሣሪያ በሰከንድ 1.9 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል ማለት ነው።

አየሩ ከዚህ እጅግ ካነሰ የሙቀት መለዋወጫው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርድና በረዶ ይጋግራል፤ ሳይተን የቀረው ፈሳሽም ወደ ኮምፕረሰሩ ተመልሶ ሊሰብረው ይችላል። አየሩ ከበዛ ደግሞ የክፍሉ እርጥበት በሚገባ አይወገድም። በጋዝ ነበልባል በሚያሞቁ መሣሪያዎች ላይ የአየር ማነስ ጉዳት ከዚህም ይከፋል። የማሞቂያው ብረት ከመጠን በላይ እየጋለ ውሎ አድሮ ከተሰነጠቀ፣ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰዎች ከሚተነፍሱት አየር ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

አየር የሚሸከመው ሙቀት የአራት መጠኖች ብዜት ነው፤ እነርሱም የአየሩ እፍጋት፣ የፍሰቱ መጠን፣ የአየር ልዩ የሙቀት አቅም እና በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት ናቸው። ልዩነቱ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ 1.9 ሜትር ኩብ አየር በየሰከንዱ 25 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያጓጉዛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ያው 1.9 ሜትር ኩብ አየር በዚያ የሚሸከመው 20 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ይሆናል።

ታዲያ ማራገቢያውን በ25 በመቶ አፍጥነን የጎደለውን ብንሞላስ? በቺንጋ በሚዞሩ ማራገቢያዎች ይህን ማድረግ ቀላል ይመስላል። በሞተሩ ላይ ያለው የሚስተካከል ፑሊ ሁለት ገጽ አለው። ገጾቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይወጣል፤ ማራገቢያውም ይፈጥናል። ሲራራቁ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ማራገቢያውም ይዘገያል።

ነገር ግን የማራገቢያ ሕግጋት ዋጋ ያስከፍላሉ። የአየር ፍሰቱ ከዙር ፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ፣ የሚፈለገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። በባሕር ጠለል ላይ 1.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ማራገቢያ እንውሰድ፤ የሞተሩ አቅም 2.2 ኪሎ ዋት ይሁን። ፍጥነቱ 1.25 ጊዜ ሲጨምር ኃይሉ 1.95 እጥፍ ይሆናል። አየሩ ስስ በመሆኑ ይህን በ0.8 እናባዛለን፤ ውጤቱም 2.34 ኪሎ ዋት ነው። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጫነ ማለት ነው። በዚያም ላይ የሞተሮች አቅም በአብዛኛው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነው፤ ምክንያቱም ስስ አየር ሞተሩን ራሱን በሚገባ አያቀዘቅዘውም።

ስለዚህ ፑሊው በተነካ ቁጥር የሞተሩን አምፔር ለክቶ በሞተሩ የስም ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። ማጣሪያውና የመሣሪያው መዝጊያዎች በቦታቸው ሳይመለሱ የተወሰደ ልኬት ደግሞ ያሳስታል፤ የአየሩ መንገድ ሲለወጥ የሞተሩ ጭነትም ይለወጣልና።

ሦስቱ ገመዶች

አምፔሩ ትክክል ቢሆንም ምርመራው አላለቀም። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከሦስቱም ገመዶች ተቀራራቢ ቮልቴጅ ማግኘት አለበት። መሣሪያው እየሠራ በፌዞቹ መካከል ስንለካ 388፣ 380 እና 366 ቮልት አገኘን እንበል። አማካዩ 378 ነው፤ ከአማካዩ እጅግ የራቀው 366 ሲሆን ልዩነቱ 12 ቮልት ነው። 12 ለ378 ሲካፈል 3.2 በመቶ ይሆናል። ብዙ አምራቾች ግን ከ2 በመቶ በላይ አይፈቅዱም።

3.2 በመቶ ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ላይ የሚጨምረው ሙቀት በግምት የመዛባቱ መቶኛ ካሬ ሁለት እጥፍ ነው፤ ይኸውም ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ሽቦው ከአካባቢው አየር በ80 ዲግሪ ይግል ከነበረ አሁን በ96 ዲግሪ ይግላል። በተለመደው ግምት መሠረት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የሽቦው መከለያ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ሞተሩ ዛሬ ይሠራል፤ የሚቃጠለው ግን ከጊዜው ቀድሞ ነው።

የፌዞቹ ቅደም ተከተልም ሊዘነጋ አይገባም። ሁለት ገመዶች ቦታ ቢለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። የሚያታልለው ነገር፣ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ከበሮ መሰል ማራገቢያ ወደ ኋላ ሲዞርም አየሩን በዚያው አቅጣጫ መግፋቱ ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ ያነሰ ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው «አየሩ ደከመ» ብሎ ፑሊውን ሊያፈጥን ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ኃይሉን አጥፍቶ ሁለት ገመዶችን ማለዋወጥ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ሣጥኑን ከፍቶ መለካት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ቺንጋና ፑሊ የሚነኩትም ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶ ከተቆለፈና ኃይል አለመኖሩ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። እኛ ግን ክፍል ውስጥ ሆነን በሁለት ቴርሞሜትሮች ወደ መሣሪያው የሚመለሰውንና ከእርሱ የሚወጣውን አየር መለካት እንችላለን። ልዩነቱ ከተለመደው እጅግ የሰፋ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የአየር ማነስ ነው፤ ከፑሊው በፊትም የቆሸሸውን ማጣሪያ ማስመርመር ይገባል።